መርዝ ነው ወይስ መድኃኒት? የአንዲት ኮድ ታሪክ

ሰሞኑን ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የአንድ ወረቀት ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። የጡት ካንሰር ታካሚ ነች። ሁለተኛውን ዙር ኬሞ ከወሰደች ከዘጠኝ ቀን በኋላ ትኩሳት ይዟት፣ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገብታ፣ አራት ቀን ተኝታ ወጥታለች። ወረቀቱ የኢንሹራንስ ነው። ከመስመሮቹ አንዱን በቀይ ከብባ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው መርዝ የሚል ነገር ያመጣል። መርዝ ጠጥታ መጣች ብለው ነው እንዴ የጻፉብኝ?»

መስመሩ «ቲ45.1ኤክስ5ኤ» ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ እሷን ለማረጋጋት አምስት ደቂቃ በቂ ነበር። እኔ ግን ከዚያች መስመር ጋር ሳምንት ሙሉ ከረምኩ። ጥያቄዋ የዋህ ቢመስልም ትክክለኛ ጥያቄ ነዋ! የዛሬው ጽሑፌ ይህች ኮድ ከየት እንደመጣች የሚተርክ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ኮዷን እንፍታት። «ቲ45.1» ማለት የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድሉና የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ማለት ነው። «ኤክስ» ባዶ ቦታ መሙያ ናት፤ ትርጉም የላትም። ዋናው ነገር ከእሷ ቀጥሎ ያለው አሃዝ ነው። 1 ከሆነ ሰውየው በስሕተት ተመርዟል። 2 ከሆነ ራሱን ሊጎዳ ወስዶታል። 3 ከሆነ ሌላ ሰው ሊጎዳው ሰጥቶታል። 4 ከሆነ እንዴት እንደተመረዘ አልታወቀም። 6 ከሆነ ከታዘዘለት አሳንሶ ወስዷል። 5 ግን የተለየች ነች፤ መድኃኒቱም፣ መጠኑም፣ አሰጣጡም ትክክል ነበር፣ ሰውየው ግን ተጎዳ። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ጊዜን ትናገራለች። «ኤ» ጉዳቱ ገና እየታከመ ነው፣ «ዲ» በማገገም ላይ ነው፣ «ኤስ» መድኃኒቱ ካለፈ በኋላ የቀረ ጠባሳ ነው።

ብልቃጡ አንድ፣ ፈሳሹ አንድ፤ መመረዝና መታከም የሚለያዩት በአንዲት አሃዝ። ኮዱን የሠሩት ሰዎች ቅኔ ሊዘርፉ ፈልገው አይደለም። ነገሩ ሲጀመርም እንዲያ ስለነበረ ነው።

የኬሞቴራፒ ዘር ማንዘሩ ቢቆጠር የሰናፍጭ ጋዝ ላይ ይደርሳል። በሐምሌ 1917 ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ በጠላቶቻቸው ላይ ተኮሱት፤ ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ስም «ኢፔሪት» ተባለ። ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በዚያ ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ያገለገለ ኤድዋርድ ክሩምባር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ ከባለቤቱ ከሄለን ጋር በ1919 ባሳተመው ጥናት ከቆዳው በታች ያለውን አሳየ። በጋዙ የተጎዱት ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳቸው እየመነመነ ይሄዳል፤ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኒያቸውም ይደርቃል። ጥናቱ ታተመ፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ለሕክምና ይጠቅማል ብሎ ያነሳው ብዙም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የእኛ አባቶች ይገባሉ።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ያንኑ ኢፔሪት አወረዱ። በቦምብ ጣሉት፤ ኋላም እንደ ካፊያ ይረጩት ጀመር። በባዶ እግሩ የሚሄደው ወታደር የተመረዘውን ሣር ረገጠ። ከብቱ ከተመረዘው ውኃ ጠጣ፣ ገበሬውም ከዚያው ቀዳ። ከማይጨው ተመልሶ በሐይቅ አሸንጌ በኩል ያፈገፈገው ሠራዊት ላይም እንዲሁ ዘነበ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ኢጣሊያ እንዲህ ዓይነቱን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቭ ፕሮቶኮል የፈረመች አገር ነበረች። መከላከያ ሚኒስቴሯ ጋዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው።

የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊሳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ ቆረም አጠገብ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ዶክተር ጆን ሜሊ የመሩት የእንግሊዝ አምቡላንስም ቁስል ሲያጥብና ሲጠቀልል ነበር። ሜሊ ራሳቸው አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል በነበረው ግርግር በጥይት ተመትተው ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ባይጽፉ ኖሮ ዛሬ የምንጠቅሰው ምስክር በጣም ባነሰ ነበር። የጻፉት ግን የሚታየውን ነው፤ ቆዳውን፣ ዓይኑን። ቦምብ በሚወርድበት ድንኳን ውስጥ ማን የደም ሕዋስ ይቆጥራል? ንጥረ ነገሩ አንድ ስለሆነ፣ ክሩምባር ፈረንሳይ ውስጥ ያየው የመቅኒ ድርቀት የእኛንም ሰዎች አግኝቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። ቁስሉ ሊድን ሲል በትኩሳት የሞተው ገበሬ «ንዳድ ወሰደው» ተብሎ የተቀበረ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ መዝገብ የለምና ከግምት በላይ መሄድ አልችልም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1942፣ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ። ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የሚባሉ ሁለት የመድኃኒት ተመራማሪዎች ለጦርነቱ ዝግጅት የሰናፍጭ ጋዝን ዘመድ፣ ናይትሮጅን መስታርድን፣ እንዲያጠኑ ተቀጥረዋል። ነጭ የደም ሕዋስን የሚፈጅ ነገር ከነጭ የደም ሕዋስ የሚነሳ ካንሰርንም ሊፈጅ ይችላል ብለው አሰቡ። ጉስታፍ ሊንድስኮግ በሚባል ቀዶ ሐኪም ክትትል ሥር ለነበረ አንድ ታካሚ በደም ሥሩ ሰጡት። ሰውየው በታሪክ የሚታወቀው «ጄ.ዲ.» በሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ነው። ከፖላንድ የመጣ ስደተኛ ነበር፤ አንገቱና መንጋጋው ላይ ያበጠው የሊምፍ ካንሰር ለጨረር አልመለስ ብሎ ነበር። እብጠቱ በቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ነጭ የደም ሕዋሱም አብሮ ወረደ። ካንሰሩ ተመልሶ መጣ፤ ሰውየው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሞተ።

በሕክምና መዝገቡ ላይ የመድኃኒቱ ስም አልተጻፈም። የጦር ሚስጥር ስለነበረ «ንጥረ ነገር ኤክስ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። የኮዷን «ኤክስ» አስታወሳችሁ? ዝምድና የላቸውም፤ ግን ሳነበው ደነገጥኩ። በዓለም የመጀመሪያው ዘመናዊ የኬሞቴራፒ ታካሚ፣ የመጀመሪያው የኬሞቴራፒ ጉዳት ደረሰበት፤ ጉዳቱን ያመጣው ነገር ስም ግን በገዛ ካርዱ ላይ የለም። ጥናቱ ለሕዝብ የወጣው በ1946 ነው።

ሌላም አለ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 የጀርመን አውሮፕላኖች የኢጣሊያን የባሪ ወደብ ደበደቡ። ከሰመጡት መርከቦች አንዷ «ጆን ሃርቪ» የምትባል የአሜሪካ መርከብ ናት፤ በሆዷ በሚስጥር የተጫነ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ ነበራት። ፈሳሹ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ባሕሩ ላይ ተንሳፈፈ፤ መርከበኞቹ በዚያ ውስጥ ዋኙ። (ያንኑ መርዝ ኢትዮጵያ ላይ ያዘነበችው አገር ወደብ ላይ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ያለቁት ግን የባሪ ድሆችና መርከበኞች ናቸውና ደስ የሚል ነገር የለውም።) ሐኪሞቹ ምን እንደነካቸው አልተነገራቸውም። ስለዚህ ካርዱ ላይ «የቆዳ ቁስለት፣ ምክንያቱ ገና ያልታወቀ» እያሉ ጻፉ። ስቱዋርት አሌክሳንደር የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም መኮንን ተልኮ መጣ፤ የሰናፍጭ ጋዝ መሆኑን ደረሰበት፣ ነጭ የደም ሕዋሳቸው እንዴት እንደወረደ አንድ በአንድ መዘገበ። ከ600 በላይ ወታደሮችና መርከበኞች በጋዙ ታመው ከ80 በላይ ሞቱ፤ የከተማው ነዋሪ በትክክል አልተቆጠረም። ቸርችል ግን ምርመራውን አልቀበልም አለ። በእንግሊዝ መዝገቦች ላይ የሞቱ ምክንያት «በጠላት ጥቃት የደረሰ ቃጠሎ» ተብሎ እንዲጻፍ ተደረገ።

በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ውሸት የለም። ጠላት አጥቅቷል፤ ሰዎቹም ተቃጥለዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቃጠላቸው ነገር ስም። የሕክምና ኮድ ታሪክ በሙሉ ከዚህች ጉድለት ጋር የተደረገ ግብግብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግብግቡ የተጀመረው ለንደን ውስጥ ነው። በ1600ዎቹ በየሳምንቱ ስንት ሰው በምን እንደሞተ የሚገልጽ ዝርዝር ይታተም ነበር። ሬሳ አይተው ምክንያቱን የሚናገሩት በየአጥቢያው የተመደቡ አሮጊቶች ናቸው። ጆን ግራውንት የሚባል ነጋዴ በ1662 ዝርዝሮቹን ሰብስቦ መረመረና አንድ ነገር ታዘበ። በቂጥኝ የሞተ ሰው ቁጥር ከሚገባው በታች ነው። ለምን? ቤተሰቡ ለአሮጊቷ አንድ ኩባያ ቢራ ይጋብዝና ጥቂት ሳንቲም ያስጨብጣል፤ አሮጊቷም «በሳል በሽታ» ብላ ታስመዘግባለች። ኮድን በጉቦ ማስቀየር እንግዲህ ከስታቲስቲክስ ጋር እኩል ዕድሜ አለው።

ከዚያ በ1830ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዙ ዊልያም ፋር መጣ። አንድ በሽታ በአራት ስም ከተጠራ፣ አራት በሽታም በአንድ ስም ከተጠቀለለ ቆጠራ ከንቱ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተ። በ1893 ቺካጎ ላይ ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን የዓለም አቀፉን የሞት ምክንያቶች ዝርዝር አቀረበ። (ወንድሙ አልፎንስ ደግሞ ወንጀለኞችን በአካል ልኬት የሚለይ ዘዴ የፈጠረው ሰው ነው። ቤተሰቡ መለየትና መመደብ ይወድ ነበር መሰለኝ!) ዛሬ «አይሲዲ» የምንለው የዚያ ዝርዝር የልጅ ልጅ ነው።

ልብ በሉ፤ ዝርዝሩ የተሠራው ለሙታን ነው። ለአንድ ሬሳ አንድ ምክንያት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 ስድስተኛውን እትም ሲረከብ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወት ያለ በሽተኛም የገባበት። አንድ ምክንያት ብቻ የመምረጡ ልማድ ግን በሞት ምስክር ወረቀት ላይ እንዳለ ቀጠለ። የካንሰር ሕክምና ጉዳት ደግሞ በባሕርዩ ሁለት መስመር ይፈልጋል፤ አንዱ ለጉዳቱ፣ አንዱ ጉዳቱን ላመጣው ነገር። ሁለት መስመር በሌለበት ሰነድ ላይ አንዱ መውደቁ አይቀርም፤ የሚወድቀው ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። እስከ ዛሬም፣ በአግባቡ በተሰጠ ሕክምና ሳቢያ የሞተ ሰው መነሻ የሞት ምክንያቱ ተብሎ የሚቆጠረው በአብዛኛው ሕክምናው የተሰጠለት በሽታ ነው። ይህ ሥርዓት ምክንያት አለው፤ ካንሰሩ ባይኖር ኬሞ አይሰጠውም ነበር። ነገር ግን በዚህ ቆጠራ ውስጥ ስንት ሰው በካንሰሩ፣ ስንት ሰው በመድኃኒቱ እንደሄደ ተለይቶ አይታይም።

ዓለምን ያነቃው ካንሰር አልነበረም። ታሊዶማይድ የሚባለው ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረ መድኃኒት እጅና እግር የሌላቸው ሕፃናት እንዲወለዱ ማድረጉ በ1961 ታወቀ። እንግሊዞች በ1964 ሐኪም የመድኃኒት ጉዳትን የሚያሳውቅበት ቢጫ ካርድ ጀመሩ። በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት የዓለም አቀፍ ክትትል ፕሮግራም ተቋቋመ። ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዘጠነኛው አይሲዲ ውስጥ ደግሞ «በሕክምና ላይ እያሉ ጉዳት ያስከተሉ መድኃኒቶች» የሚል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። የካንሰር መድኃኒቶች ድርሻ «ኢ933.1» ነበር። የአክስቴ ልጅ ኮድ አያት ይህች ናት። ከጄ.ዲ. 37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መስመር መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መስመሩ መጻፉ ሌላ። ለአሜሪካ ሆስፒታሎች ኮድ የሕይወት ጉዳይ የሆነው በ1983፣ የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር ለተኛ በሽተኛ የሚከፍለውን በምርመራው ኮድ መተመን ሲጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተጻፈ ጉዳት ያልተከፈለ ጉዳት ነው። «ኮድ የነጋዴ ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን፣ ገንዘቡ ስለተነካ ነው ሰው አፍጥጦ ማንበብና መከራከር የጀመረው። የሚያሳፍር መነሻ ይሁን እንጂ ውጤቱ ለታካሚው ጠቅሟል።

ደም ማነስን እንውሰድ። የካንሰር ታካሚ ደም የሚያንሰው ካንሰሩ ራሱ መቅኒውን ስለያዘው ወይም ደም ስላፈሰሰው ሊሆን ይችላል። ወይም ኬሞው መቅኒውን ስላደከመው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ውሳኔያቸው ይለያያል፤ አንደኛው ሕክምናውን አጠንክር ሲል ሌላው ቀንስ ወይም አቆይ ሊል ይችላል። በአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ በኬሞ የመጣ ደም ማነስ የራሱን ቁጥር ያገኘው በጥቅምት 2009 ነው። ሁሉም የደም ሕዋሳት በኬሞ ሲወርዱ የሚባለው ደግሞ በ2011። ዛሬ በካንሰሩ የመጣው ደም ማነስ «ዲ63.0»፣ በኬሞ የመጣው ደም ማነስ «ዲ64.81» ነው። ከ1942 እስከ 2009 ቁጠሩት፤ 67 ዓመት። ሐኪሞች ስለማያውቁት አይደለም፤ ማንኛዋም የካንሰር ክፍል ነርስ ታውቀዋለች። ዕውቀቱ በሰዎች አእምሮ ውስጥ ነበር፣ በዝርዝሩ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም።

ይህ መዘግየት ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሰው ካንሰርን እንዲወጋ የሚያደርጉት አዳዲስ መድኃኒቶች በአሜሪካ መፈቀድ የጀመሩት በ2011 ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የተቀሰቀሰው ሠራዊት በገዛ አገሩ ላይ እንዲዞር ያደርጋሉ፤ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ታይሮይድን፣ አንዳንዴም ልብን ያቆስላሉ። ጉዳታቸው ከኬሞ ጉዳት ፈጽሞ ይለያል፤ መታከሚያውም ሌላ ነው። ለብቻቸው የሆነ የጉዳት ኮድ ያገኙት በጥቅምት 2024 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በኬሞው መስመር ውስጥ ተደባልቀው ኖሩ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ከመዝገብ ተነስቶ «ስንት ሰው በእነዚህ መድኃኒቶች ተጎዳ?» ብሎ የጠየቀ ተመራማሪ በኮድ ብቻ መልስ ማግኘት አይችልም ነበር።

የሚገርመው ግን ኮዱ ካለም በኋላ ሁሉም ነገር በአንዲት ቃል ላይ መንጠልጠሉ ነው። ኮድ የሚሰጠው ሠራተኛ ሐኪሙ ያልጻፈውን ዝምድና በራሱ ሊፈጥር አይፈቀድለትም። ሐኪሙ «ታካሚዋ ኬሞ ላይ ናት፤ ነጭ የደም ሕዋሷ ወርዷል» ብሎ ከጻፈ ሁለት ነገር ነው የጻፈው። «በኬሞው ምክንያት ነጭ የደም ሕዋሷ ወርዷል» ካለ ግን አንድ ታሪክ ጻፈ። ልዩነቱ «ምክንያት» የምትለዋ ቃል ናት። የባሪ ሐኪሞች ካርድ ላይ የጎደለችው እሷው ነበረች።

ቃሏን የሚጽፈው ሰው ራሱ የማያየው ነገርም አለ። የካንሰር ሐኪሞች ጉዳትን በደረጃ የሚመዝኑበት ሌላ መስፈርት አላቸው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ1983 ያወጣው ነው፤ ከ1 ተነስቶ 5 ላይ ይደርሳል፣ 5 ሞት ነው። ለብዙ ዓመታት ደረጃውን የሚሞላው ሐኪሙ ብቻ ነበር። ኢታን ባሽ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ2010 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐኪሞች የታካሚውን ሕመም ታካሚው ከሚለው አሳንሰውና አዘግይተው እንደሚመዘግቡ አሳየ፤ ታካሚው ራሱ ይሙላ የሚል ክርክርም አነሳ። እኛ ዘንድ ያለውን ሁኔታ አስቡት። እናቶቻችን «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። አፋቸው በቁስል ተሞልቶ ውኃ መዋጥ ያቃታቸው ሴት እንኳ! ካርዱ ላይ «ደህና ናት» ተብሎ ይጻፋል። ጨዋነታችን ከመዝገብ ያወጣን ሕዝብ ነን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ወደ አገር ቤት እንምጣ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱን የጨረር ሕክምና ብቻውን ተሸክሞ ቆይቷል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እዚያው በ2011 ተጀምሯል፤ የት አካል ላይ፣ በስንት ዓመት፣ ምን ዓይነት ካንሰር እንደያዘ ይመዘግባል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት በግምት ነበር የምንናገረው። የመድኃኒት ጉዳትን ለማሳወቅም የኛው ቢጫ ቅጽ አለ፤ ጤና ባለሙያው ሞልቶ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይልካል። ቅጹም አለ፣ ምዝገባውም አለ። ነገር ግን አንድ ሐኪም በአንድ ጠዋት የሚያያቸውን በሽተኞች ብዛት ያየ ሰው፣ ቢጫ ቅጹ ለምን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንደሚውል አይጠይቅም።

እኔ የምከራከረው ሐኪሙን ለመክሰስ አይደለም። ሰዎች ይህን ርዕስ ሲሰሙ ወዲያው «ጥፋተኛው ማነው?» ይላሉ። 5 ቁጥር ግን የተፈጠረችው «ጥፋተኛ የለም፣ ጉዳት ግን አለ» ለማለት ነው። ይህን ማለት ያልቻለ ሥርዓት ወይ ይደብቃል ወይ ይወነጅላል። መዝገቡ ላይ «በኬሞ ምክንያት ነጭ የደም ሕዋስ ወርዶ ትኩሳት» የሚል መስመር መቶ ጊዜ ከተጻፈ፣ ለሌሊት ተረኛ አንቲባዮቲክ በጀት የሚጠይቅ ሰው ማስረጃ በእጁ አለ። ካልተጻፈ «ካንሰር ነበረባት፣ ሞተች» ብቻ ይቀራል፤ ለዚያ ደግሞ በጀት አይጠየቅም። ትኩሳቱ ግን የሚታከም ነበር።

ጠባሳውስ? ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት (ብዙ ታካሚ በቀለሙ ያውቀዋል) በጊዜ ብዛት ልብ እንደሚያደክም፣ የተወሰደው ድምር መጠን ሲበዛም አደጋው እንደሚጨምር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ልቡ የሚደክመው ከሕክምናው ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ታካሚዋ የምትሄደው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ነው። የኮዷ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤስ» የምትጠቅመው ለዚህ ነው፤ የዛሬውን ልብ ከድሮው ብልቃጥ ጋር ታያይዛለች። የድሮው ካርድ ከጠፋ ግን ማያያዣው የለም፤ የልብ ሕመም ብቻ ነው። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አሥራ አንደኛው አይሲዲ ይህን ተረድቶ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ያለው ጉዳት በሦስት ተያያዥ ቁርጥራጮች እንዲጻፍ ያደረገው፤ ምን ደረሰ፣ ምን አደረሰው፣ በምን መንገድ። አንድ ሬሳ አንድ ምክንያት ይል የነበረው ዝርዝር እዚህ ለመድረስ ከ120 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ለአክስቴ ልጅ መልሼ ደወልኩላት። ወረቀቷ ላይ አራት መስመር ነበር፤ አንድ በአንድ አነበብንላቸው። «ዲ70.1»፣ በኬሞ ምክንያት ነጭ የደም ሕዋስ መውረድ። «አር50.81»፣ ከዚያ ጋር የመጣ ትኩሳት። «ሲ50» ብሎ የሚጀምረው፣ ካንሰሩ ራሱ። እና ያችው ቀይ የተከበበችው።

«እና 5 ማለት ጥፋት የለብሽም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አንቺም የለብሽ፣ እነሱም የለባቸው።»

ትንሽ ዝም አለችና የአያታችንን አባት አነሳች። ማይጨው ዘምተው እግራቸው ተልጦ የተመለሱት፣ በዓመቱ ያለፉት። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ «ብርድ መትቷቸው ሞቱ» ነበር የሚባለው።

«እሳቸውስ ስንት ቁጥር ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጦርነት ጋዝ የተለየ ኮድ አለ፣ «ዋይ36.7» ይባላል አልኳት። በወረቀቱ ጀርባ ጻፈችው። ሦስተኛው ዙር ለሐሙስ ተቀጥሯል፤ በዚህኛው መቅኒ የሚያነቃቃ መርፌ አብረው ሊሰጧት ነው።